ከመቀባታችሁ በፊት፦ ፀሐይ የበላውን የአሮጌ ፒካፕ ቀለም ማዳን

ኮፈኑን በመዳፋችሁ ስትዳብሱት እጃችሁ ላይ ዱቄት ከቀረ፣ ቀለሙ አለቀለት ማለት አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ የሞተው ከላይ ያለው ስስ ሽፋን ብቻ ነው፤ ከሥሩ ፋብሪካው የቀባው ጤነኛ ቀለም አለ። ዋናው ነገር ምን ያህል እንደቀረ ማወቅና ሳይጨርሱት ማውጣት ነው። ጋራዥ ስትሄዱ ግን በአብዛኛው የምትሰሙት «ጠቅላላ ይቀባ» የሚለውን ነው። ለእኔ መቀባት የመጨረሻው አማራጭ ነው፤ ምክንያቱም ዋጋው ብቻ አይደለም። ፋብሪካ ቀለሙን ባዶው ቆርቆሮ ላይ ቀብቶ 140 ዲግሪ አካባቢ ይጋግረዋል። ጋራዥ ውስጥ ግን መኪናው ጎማው፣ ሽቦውና ፕላስቲኩ ተገጥሞበት ስለሚቀባ፣ ጥሩ የቀለም ምድጃ ቢኖር እንኳ ሙቀቱ ከ60 ዲግሪ ብዙም አያልፍም። አብዛኛው ጋራዥ ደግሞ ምድጃ የለውም፤ ቀለሙ በአየር ይደርቃል። ስለዚህ ሠላሳ ዓመት የቆየ የፋብሪካ ቀለም፣ ፊቱ ቢደበዝዝም፣ ከሥሩ ያለው ጥንካሬ በቀላሉ የሚተካ አይደለም።

የምጽፈው በተለይ ከ1988 እስከ 1997 እ.ኤ.አ. ስለተሠሩት የቶዮታ ሂሉክስ ፒካፖች ነው። ከተማም ገጠርም አሁንም ጭነት የሚያመላልሱ ብዙ ናቸው። ነጭ፣ ቀይና ሌሎች ብልጭታ የሌላቸው ቀለሞቻቸው በአብዛኛው ክሊር የሚባለው መልክ የሌለው የላይ ሽፋን ያልተደረበባቸው ናቸው፤ ቀለሙም ወዙም አንድ ሽፋን ውስጥ ነው። የዚያ ዘመን ኒሳን፣ ሚትሱቢሺና አይሱዙ ፒካፕ ያላችሁም አሠራሩ ያው ነው። ሜታሊክ (ብልጭታ ያለው) ለሆነ መኪና ግን ጉዳዩ ስለሚለይ ታች ለብቻው አነሳዋለሁ።

ዱቄቱ ከየት ይመጣል?

ቀለም በዋናነት ሁለት ነገር ነው፦ መልኩን የሚሰጠው ደቃቅ ዱቄትና ዱቄቱን አቅፎ የሚይዘው ሙጫ። ፀሐይ የምትበላው ሙጫውን ነው። አልትራቫዮሌት ጨረር ከኦክስጅንና ከእርጥበት ጋር ሆኖ ሙጫውን ሲሰባብረው፣ የሚይዘው ያጣው ዱቄት ላዩ ላይ ይቀራል። ቤት የተቀባ ኖራ ልብስ እንደሚያነጣው እጃችሁን የሚያነጣው እሱ ነው። ነጭ ቀለም ውስጥ ያለው ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ራሱ ብርሃን ሲያገኝ ሙጫውን ለመስበር ያግዛል፤ ስለዚህ ነጭ መኪና ቶሎ ዱቄት ያወጣል እንጂ መልኩ ብዙ አይቀየርም። ቀይ ደግሞ የራሱ የቀለም ዱቄትም ስለሚጎዳ ወደ ሮዝ ይሄዳል።

ከፍታም አስተዋጽኦ አለው። አልትራቫዮሌት በየ1000 ሜትሩ ወደ 10 በመቶ ይጨምራል፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ መኪናው አልተጎዳም ብሎ ማሰብ ትክክል አይደለም። ጉዳቱ ከሁሉ በፊት የሚታየው ቀጥታ ወደ ሰማይ በሚያዩት ቦታዎች ነው፦ የጋቢናው ጣሪያ፣ ኮፈኑ፣ የፓራፋንጎው አናትና የካሶኒው ጠርዝ። በሮቹ ከእነዚህ በጣም የተሻሉ ሆነው ታገኟቸዋላችሁ።

ቀለሙን የሚገድል ሌላም ነገር አለ፤ በናፍጣ ወይም በነጭ ጋዝ መወልወል። ደረቁ ዱቄት ቅባት ሲያገኝ ይጠቁርና መኪናው አዲስ ይመስላል። ትንሽ ቆይቶ ግን ቀላሉ ይተናል፣ የቀረው ቅባት አቧራ ይስባል፣ አቧራው በማግስቱ በደረቅ ጨርቅ ሲጠረግ ቀለሙን ይቧጥጣል። የበርና የመስታወት ጎማዎችም ነዳጅ ሲነካቸው ያብጣሉ፤ ቆይተውም ይሰነጠቃሉ። ለዓመታት በናፍጣ የተወለወለ መኪና ከሆነ ይህን ቅባት ሙሉ በሙሉ ሳታወጡ ሌላ ሥራ አትጀምሩ።

መጀመሪያ የሚዳን መሆኑን እዩ

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት አራት ነገር ፈትሹ። አራቱም ግማሽ ሰዓት አይፈጁም።

ኮፈኑን ታጥቦ ከደረቀ በኋላ ግማሹን በውሃ አርጥቡት። እርጥቡ ቦታ ላይ ቀለሙ ደምቆና ጠልቆ ከታየ ጥሩ ምልክት ነው፤ ውሃው ያሳያችሁ መልክ ሥራው ሲያልቅ ከምትደርሱበት ጋር ይቀራረባል። ረጥቦም ግራጫ ወይም ዝንጉርጉር ሆኖ ከቀረ ቀለሙ አልቆ ከሥሩ ያለው የመጀመሪያ ቅብ፣ ፕራይመሩ፣ እየታየ ነውና ያ ክፍል የሚቀባ ነው።

ቀጥሎ የማይታይ ቦታ ላይ፣ ለምሳሌ ከጋቢናው ጀርባ ታችኛው ክፍል፣ ጥቂት ፖሊሽ በነጭ ጨርቅ እሹበት። ጨርቁ የመኪናውን ቀለም ከያዘ ክሊር የለውም። ነጭ መኪና ከሆነ በነጭ ጨርቅ ስለማይታይ ጥቁር ጨርቅ ተጠቀሙ።

ሦስተኛው ስቱኮ (የተጎዳ ቆርቆሮ የሚሞላበት ልስን) ፍለጋ ነው። ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልላችሁ በሮቹን፣ ፓራፋንጎውንና የካሶኒውን ጎን ዳብሱ። መያዙ በድንገት የሚላላበት ቦታ ከሥሩ ስቱኮ አለ፤ ይህም ማለት ያ ቦታ ተቀብቷል። የቀለም ውፍረት መለኪያ የምትዋሱት ሰው ካለ ደግሞ በጣም የተሻለ ነው። ያልተነካ የፋብሪካ ቀለም ከነፕራይመሩ በጥቅሉ ከ90 እስከ 130 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺኛ) ነው። ከ200 በላይ ካነበበ ተደርቦ ተቀብቷል፤ ከ500 ወዲያ ካለፈ ስቱኮ ነው። ከ130 ማይክሮኑ የላይኛው ቀለም ድርሻ 40 ወይም 50 ብቻ መሆኑን አትርሱ። የፀሐዩን ጉዳት ቀንሱና የቀረውን አስቡት። ከዚህ በኋላ የምለው ሁሉ ከዚህ ቁጥር ጋር የተያያዘ ነው።

አራተኛው፣ ተቀብቷል ብላችሁ በጠረጠራችሁት ቦታ ጥጥ ላይ ጠብታ ቲነር አድርጋችሁ የተደበቀ ጥግ ላይ ነክታችሁ እዩ። ቀለሙ ወዲያው ቀልጦ ጥጡ ላይ ከወጣ የናይትሮ ቀለም ነው ወይም በደንብ ያልደረቀ ነው። እንዲህ ያለው ቀለም በፖሊሽ ማሽን ሙቀት ይለሰልስና ይጎተታል፤ በእጅ ብቻ ይሠራ።

የሚያስፈልገው ዕቃ

ለአንድ ባለ አንድ ጋቢና ፒካፕ ይህ ይበቃል፦ ኮምፓውንድ (ከፖሊሽ ሸከር ያለ፣ የሞተውን ፊት የሚፈገፍግ ወፍራም ፈሳሽ) ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር፣ የማጠናቀቂያ ፖሊሽ ግማሽ ሊትር፣ 200 ግራም ሰም፣ ከ10 እስከ 12 ማይክሮፋይበር ጨርቅ፣ 24 ሚሊ ሜትር የቀለም ፕላስተር ሁለት ጥቅል፣ የውሃ ብርጭቆ ወረቀት ቁጥር 2000 አምስት ቅጠል፣ ቁጥር 3000 ሦስት፣ ቁጥር 1500 ደግሞ ለክፉ ቀን ሁለት። አዲስ አበባ ላለ ሰው መርካቶ ሶማሌ ተራና አካባቢው ላይ አብዛኛው ይገኛል። ስትገዙ የኮምፓውንዱን ጣሳ ከፍታችሁ በጣታችሁ መሐል እሹት፤ አሸዋ እንደመንካት ሸካራ ከሆነና ፈሳሹ ከላይ ተለይቶ ከቆመ ያረጀ ነው፣ አትግዙት።

የፖሊሽ ማሽን ሁለት ዓይነት ነው። ቀጥ ብሎ የሚዞረው ጋራዦች የሚያዘወትሩት ነው፤ ፈጣን ነው፣ ግን ቀለም ያቃጥላል። እየዞረ የሚወዛወዘው ቀስ ይላል፣ ለጀማሪ ግን እሱን እመክራለሁ። የብረት መቁረጫውን ፍሌክስ ላይ ስፖንጅ አስሮ መጠቀም የሚባል ነገር ጨርሶ አይሞከር። ፍሌክስ በደቂቃ 11,000 አካባቢ ይዞራል፤ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ከ1000 እስከ 1500 ነው። ቀለሙ በሰከንዶች ውስጥ ይነሳል።

ማሽኑ ላይ የሚገጠም የሱፍ ፓድ (ማሻ) አንድ ወይም ሁለት፣ መካከለኛ የስፖንጅ ፓድ ሁለት፣ ለስላሳ ሁለት ያዙ። ክሊር የሌለው ቀለም ፓድ በጣም ስለሚያቆሽሽ በአንድ ፓድ ሙሉ መኪና እጨርሳለሁ ማለት አይሆንም።

ማጠብና መሸፈን

መኪናውን በዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና እጠቡት፤ ለ10 ሊትር ውሃ ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሊትር። ይህ ሳሙና ሰምና ቅባት ስለሚያነሳ ለሁልጊዜ እጥበት አይሆንም፤ ዛሬ ግን የምንፈልገው ያንኑ ነው። የዱቄት ሳሙና አትጠቀሙ፤ ያልሟሟው ቅንጣት ይቧጥጣል። ሁለት ባልዲ ይኑር፣ አንዱ ለሳሙና፣ አንዱ ጨርቁን ለማለቅለቅ። ከጣሪያ ጀምራችሁ ወደ ታች ውረዱ። ታችኛው ክፍል ላይ የተለጠፈው የአስፋልት ሬንጅ በጥቂት ነጭ ጋዝ ይለቃል፤ ወዲያው ግን በሳሙና ይታጠብ። በናፍጣ ሲወለወል የኖረ መኪና ሁለቴ ይታጠብ፤ ውሃው ላዩ ላይ በነጠብጣብ ከመንከባለል ይልቅ ተዘርግቶ ከቆመ ቅባቱ ወጥቷል።

ከታጠበ በኋላ ዝገት እዩ። በመንኮራኩሩ ቅስት ጠርዝ፣ በበሩ ታችኛው እጥፋት፣ በመስታወቱ ጎማ ዙሪያ የተነፋ ቀለም ካለ ከሥሩ ዝገት እየሄደ ነው፤ ፖሊሽ አይፈውሰውም። በቁጥር 400 እስከ ንጹሕ ብረት ፈግፍጉ፣ የዝገት ማጥፊያ አድርጉ፣ ፕራይመርና ንክኪ ቀለም (ለትንሽ ቦታ ብቻ የሚቀባ) ቀቡ፣ ሳምንት አስቆጥሩት። የቀለሙ ኮድ በእነዚህ ሂሉክሶች ላይ ኮፈኑ ሥር ባለው የስም ሰሌዳ ላይ «C/TR» ከሚለው ጎን የመጀመሪያው ቁጥር ነው። ለምሳሌ 040 የታወቀው የቶዮታ ነጭ ነው። ቀለም ቀያጩ ኮዱን ይዞ ከጀመረ በኋላ በፖሊሽ ከተገለጠው ቀለም ጋር ያመሳክር፤ ከደበዘዘው ጋር ካመሳከረ ሥራው ሲያልቅ ነጥቡ ጎልቶ ይታያል።

ከዚያ ፕላስተር ለጥፉ። ጎማ፣ ጥቁር ፕላስቲክ፣ የበር እጀታ ዙሪያና የተለጠፉ ጽሑፎች ይሸፈኑ፤ ኮምፓውንድ ጥቁር ፕላስቲክ ላይ ከደረቀ ነጩን ማስወጣት አድካሚ ነው። ከሁሉ በላይ ግን የቆርቆሮው የታጠፉ መስመሮችና ጠርዞች ይሸፈኑ፤ የኮፈኑ ሸንተረር፣ የፓራፋንጎው አናት፣ የበሩ ጠርዝ። ቀለም ገና ሲቀባ ከሹል ቦታ ስለሚሸሽ እዚያ ላይ ስስ ነው፤ ፓዱም ክብደቱን የሚያሳርፈው እዚያው ላይ ነው። ፕራይመር ከወጣ የሚወጣው መጀመሪያ በዚህ መስመር ነው። ሜዳው ካለቀ በኋላ ፕላስተሩን አንስታችሁ ጠርዙን በእጅ፣ በሁለት ሦስት ምልልስ ብቻ ጨርሱት።

ዘይት ማጥገብ

ይህ ደረጃ ለቀይ፣ ለሰማያዊና ለአረንጓዴ ቀለም ትልቅ ለውጥ ያመጣል። በአሮጌ ቀለም ሠሪዎች ዘንድ የታወቀው ሜጓየርስ ቁጥር 7 የሚባለው ፈሳሽ ነው፤ ዘይት የበዛበት ነው፣ የሚፈገፍግ ነገር የለውም። በጥጥ ፎጣ ወፈር አድርጋችሁ እየጫናችሁ እሹትና ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ከተቻለ አንድ ሙሉ ቀን ተዉት። የተሰነጣጠቀው ደረቅ ፊት ውስጥ ዘይቱ ይገባል፤ በኋላ ኮምፓውንድ ሲመጣ ቀለሙ ደርቆ ከመቦጨቅ ይልቅ ልስልስ ብሎ ይነሳል፣ መልኩም ይጠልቃል። የሞተውን ሙጫ ግን አያስነሳም፤ ዘይት ብቻ ቀብቶ ጨረስኩ ያለ ሰው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ዱቄቱን መልሶ ያገኘዋል። ፈሳሹን ካላገኛችሁ ደረጃውን ዝለሉት። በምግብ ዘይት አትተኩት፣ አየር ሲያገኘው ሙጫ ይሆናል። በሞተር ዘይትም አይሆንም።

ኮምፓውንድ፦ ሥራው ያለው እዚህ ላይ ነው

ጥላ ያስፈልጋል። ቆርቆሮው በእጅ ሲነካ ቀዝቃዛ መሆን አለበት። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ለዚህ ሥራ ምቹ ነው፤ በአብዛኛው ቦታ ዝናብ እምብዛም የለም፣ ጠዋቱ ቀዝቃዛ ነው። ነፋሱ አቧራ ሳያነሳ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ብትሠሩ ይሻላል። ሰዓት፣ ቀለበትና ቀበቶ አውልቁ፤ ጣሪያውን ስትሠሩ ካሶኒው ላይ ጣውላ አጋድማችሁ ቁሙ፣ ሆዳችሁን ጠርዙ ላይ አትደገፉ። ኤሌክትሪክ የሚቆራረጥ ከሆነ ማሽኑ 1200 ዋት አካባቢ ስለሚፈልግ 2 ኪሎ ዋት ጄኔሬተር በቂ ነው።

መጀመሪያ 50 በ50 ሴንቲ ሜትር የሆነ አንድ ቦታ ኮፈኑ ላይ ለዩ። እዚያ ላይ በጣም ለስላሳ በሆነው ጀምሩ፦ ፖሊሽና ለስላሳ ስፖንጅ። ከበቃ እዚያው አቁሙ፣ መኪናው በሙሉ በዚያ ይሠራ። ካልበቃ ኮምፓውንድና መካከለኛ ስፖንጅ፣ አሁንም ካልበቃ ኮምፓውንድና ሱፍ። ብርጭቆ ወረቀት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ብዙ ጋራዥ ከቁጥር 1000 ይጀምራል፤ ፈጣን ስለሆነ ነው እንጂ ስለሚያስፈልግ አይደለም። ኮምፓውንድ በጥንቃቄ ሲሠራ የሚያነሳው ጥቂት ማይክሮን ነው፤ ሸካራ ወረቀት ግን ያላችሁን ቀለም ግማሽ ባንድ ከሰዓት ሊወስድ ይችላል።

አንድ ክፍል እንዲህ ይሠራል። ፓዱን በጥቂት ውሃ ረጠብ አድርጉትና አራት ወይም አምስት የአተር ፍሬ የሚያህሉ ጠብታዎች ፓዱ ላይ አኑሩ። ማሽኑን ከማብራታችሁ በፊት ፓዱን ቀለሙ ላይ እያስነካካችሁ ጠብታዎቹን ዘርጉ፤ አለበለዚያ ግድግዳው ላይ ይረጫል። በዝቅተኛ ፍጥነት አንዴ አዳርሱ፣ ከዚያ ቀጥ ብሎ የሚዞረውን ወደ 1200 አካባቢ፣ የሚወዛወዘውን ደግሞ ከ6 የፍጥነት ደረጃዎቹ 4ኛው ወይም 5ኛው ላይ አድርሱት። እጃችሁ በሰከንድ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር እየሄደ፣ እያንዳንዱ ምልልስ የቀደመውን ግማሽ እየደረበ፣ መጀመሪያ ወደ ጎን፣ ቀጥሎ ወደ ላይና ወደ ታች። ከአራት እስከ ስድስት ዙር። የማሽኑ ክብደት ይበቃል፤ በክንድ መጫን ሙቀት ይጨምራል እንጂ ሥራ አያፋጥንም። ፓዱ ጠፍጣፋ ይሁን፤ በጠርዙ ከቆመ ያቃጥላል።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች ላይ ፈሳሹ የመኪናውን ቀለም ይይዛል፤ ቀይ መኪና ላይ ቲማቲም ድልህ የመሰለ ጭቃ ይወጣል፣ ነጭ ላይ ወተት። ይህ የሞተው ፊት ነው፣ አትደንግጡ። ሦስተኛው ዙር ላይ ጭቃው ስስ ይሆንና ከሥሩ መስታወትነት ይጀምራል። ጭቃው ዱቄት መሆን ሲጀምርና የፓዱ ድምፅ ሲደርቅ ወዲያው አቁሙ፤ ከዚያ በኋላ የምታሹት በደረቅ ነው። በየመሐሉ መዳፋችሁን ቆርቆሮው ላይ አኑሩ፤ እጅ ለማቆየት የሚያስቸግር ከሆነ ወደ ሌላ ክፍል ሂዱና እስኪበርድ ተዉት። ከእያንዳንዱ ክፍል በኋላ ፓዱን በጠንካራ ብሩሽ አራግፉ። ይህን የማያደርግ ሰው ከሦስተኛው ክፍል ጀምሮ «ኮምፓውንዱ አልሠራ አለ» ይላል፤ ፓዱ በሞተ ቀለም ተሞልቶ ስለሚንሸራተት ነው።

በእጅ ለምትሠሩ፦ ይቻላል፣ ግን ክፍሉን ወደ 30 በ30 ሴንቲ ሜትር አሳንሱና ኮፈንና ጣሪያን በተለያየ ቀን ሥሩ። በክብ አትሹ፤ ቀጥታ መስመር ይሻላል፣ ጭረት ቢቀር እንኳ እምብዛም አይታይም።

ብርጭቆ ወረቀት መቼ?

ኮምፓውንድና ሱፍ ሞክራችሁ ነጭ ደመና ወይም የወፍ ኩስ ያነደደው ጠባሳ ከቀረ፣ እዚያ ቦታ ላይ ብቻ። ቁጥር 2000ን ሳሙና ጠብ የተደረገበት ውሃ ውስጥ 15 ደቂቃ አቆዩ፣ የጎማ ወይም የስፖንጅ መደገፊያ ላይ ጠቅልሉ፤ በጣት ጫፍ ከተሠራ ጣት የነካው ይጎደጉዳል። ውሃ እያፈሰሳችሁ በቀጥታ መስመር አሥር አሥራ አምስት ምልልስ፣ ከዚያ ጥረጉና አድርቃችሁ እዩ። ቁጥር 3000ን ደግሞ በተቃራኒ አቅጣጫ ውሰዱት፤ የ2000 መስመር ሙሉ በሙሉ ሲጠፋ ታውቃላችሁ። ወረቀቱ የማይጓዝ፣ የሚይዝ ከሆነ ቅንጣት ገብቶበታል፤ ወዲያው አለቅልቁ። የብርቱካን ልጣጭ የመሰለውን የፋብሪካውን ሸካራነት ለማለስለስ ብላችሁ መላውን መኪና አትፈግፍጉ፤ እንዲህ ባረጀ ቀለም ላይ ያንን ውፍረት ማባከን ያሳዝናል።

ውሃው በድንገት ሌላ መልክ ከያዘ፣ ለምሳሌ ቀይ ሲፈስ ቆይቶ ግራጫ ከመጣ፣ ፕራይመር ነክታችኋል። እዚያ ላይ ሥራው አበቃ፤ በንክኪ ቀለም ይሸፈናል፣ ትልቅ ከሆነ ያ አካል ለብቻው ይቀባል።

ማጣራት፣ መጨረስ፣ ሰም

ኮምፓውንድ ውስጥ ያለው ዘይት ጭረትን ይደብቃል። ስለዚህ ጨረስኩ ከማለታችሁ በፊት አንድን እጅ ባለ 70 በመቶ አልኮል ከሦስት እጅ ውሃ ጋር ቀላቅላችሁ ጥረጉት። የእጅ ማጽጃ ተብሎ የሚሸጠው ፈሳሽ ብዙ ጊዜ ግሊሰሪን ስላለበት ቅባት ይተዋል፤ ከፋርማሲ ተራውን አልኮል ግዙ። ከዚያ መኪናውን ፀሐይ ላይ አውጥታችሁ ከጎን እዩት። የሸረሪት ድር የመሰለ ክብ ጭረት ወይም ከማሽኑ ጋር የሚሄድ ጥላ ካለ ለስላሳ ስፖንጅና የማጠናቀቂያ ፖሊሽ ያስፈልገዋል፦ ፍጥነቱ ከ900 እስከ 1200፣ ፈሳሹ ጥቂት፣ እጁ ቀስ ያለ። ሱፍ ከነካው በኋላ ይህን ደረጃ መዝለል አይቻልም፤ ጥላው ነጭ ላይ ባይታይም ቀይና ሰማያዊ ላይ አፍ አውጥቶ ይናገራል።

ሰም በዚያው ቀን ይቀባ። አዲስ የተገለጠ ቀለም ያለ መከላከያ ፀሐይ ላይ መተው ትርጉም የለውም። ስስ ይሁን፤ ወፍራም ሰም አይጠብቅም፣ ለመጥረግ ብቻ ያስቸግራል። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ቆይታችሁ በጣት አንድ መስመር ሳቡ፤ መስመሩ ንጹሕ ከሆነ ይጠረግ፣ ከደበዘዘ ትንሽ ይቆይ። ኮፈንና ጣሪያ ላይ በማግስቱ ድገሙት። ከዘንባባ ቅጠል የሚሠራው የካርናውባ ሰም መልክ ያጠልቃል፣ በእኛ ፀሐይ ግን ከወር ሁለት ወር አያልፍም። ሲላንት የሚባለው ሰው ሠራሽ ከአራት እስከ ስድስት ወር ይቆያል፤ ጠዋት ወጥቶ ማታ ለሚገባ የሥራ መኪና እሱን እመርጣለሁ።

የካሶኒው ውስጥ በፖሊሽ የሚለፋበት ቦታ አይደለም። ጭነት መልሶ ይፍቀዋል። ዝገቱ ይጠረግ፣ አንቲረስት ይቀባ፣ ውሃ መውጫ ቀዳዳዎቹ ይከፈቱ። የስፖንዳው ውጪ ግን ከኋላ የሚመጣ ሰው የሚያየው ነውና እንደ በሩ ይሠራ።

ሜታሊክ ከሆነና ክሊሩ ከተላጠ

ከቀለሙ ላይ ክሊር ያለው መኪና ገና የደበዘዘ ብቻ ከሆነ ከላይ ያለው አሠራር ይሠራለታል፤ ዘይቱ ብቻ አያስፈልገውም፣ ጨርቁም ቀለም አይይዝም። ነጭ ጠርዝ ያለው ቅርፊት ከተነሳና ጥፍር የሚያያዝበት ከሆነ ግን ክሊሩ ከቀለሙ ተላቅቋል። ፖሊሽ ጠርዙን ይበልጥ ያስነሳዋል። ያ አካል ተፈግፍጎ ቀለምና ክሊር ይቀባል።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ርካሽ መፍትሔ አለ፤ የደበዘዘውን ቀለም ብቻ አጥቦ ላዩ ላይ ክሊር መርጨት። ሲወጣ ያብረቀርቃል። ዱቄት ላይ የተረጨ ክሊር ግን የሚይዘው ዱቄቱን እንጂ ቀለሙን አይደለም፤ በቅርፊት ይነሳል፣ ከዚያ ወዲያ የፋብሪካውን ቀለም በፖሊሽ የማዳን ዕድልም አብሮ ይሄዳል። ክሊር መደረቡ ግድ ከሆነ የሞተው ፊት በኮምፓውንድ ወጥቶ፣ በቁጥር 800 የውሃ ወረቀት በእኩል ተፈግፍጎ፣ ቅባቱ ተነስቶ፣ ማድረቂያ ያለው ባለ ሁለት ክፍል ክሊር በጣሳው ላይ በተጻፈው ልክ ተቀላቅሎ ይረጭ። ማድረቂያው አይሶሳያኔት የሚባል ለሳንባ አደገኛ ኬሚካል አለበት፤ ተራ የጨርቅ ማስክ አያስቆመውም፣ አስም ሊያስይዝ ይችላል። ከውጭ ንጹሕ አየር የሚያመጣ መተንፈሻ የሌለው ሠራተኛ ሊረጨው አይገባም።

ቀለም መቀየር ካሰባችሁ ደግሞ ሊብሬው ላይ የተጻፈው ቀለም መስተካከል ስላለበት መጀመሪያ እሱን ጨርሱ።

ከዚያ በኋላ ያለው እንክብካቤ

ጠዋት ጠዋት አቧራውን በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ይቅር፤ የሠራችሁትን በጥቂት ወር የሚያበላሸው እሱ ነው። ውሃ ይፍሰስበት፣ ከዚያ ይታጠብ። መኪናውን የሚያጥብላችሁ ሰው ካለ የመኪና ሻምፑና ሁለት ማይክሮፋይበር ለብቻው ስጡት፣ በናፍጣ እንዳይወለውልም አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ብዙዎች ደንበኛውን ለማስደሰት ብለው ነው የሚያደርጉት። የወፍ ኩስ ሳይደርቅ ይነሳ፤ ከደረቀ በእርጥብ ጨርቅ ሸፍናችሁ አሥር ደቂቃ ጠብቁና ሳትፈገፍጉ አንሱት።

ክረምት ከመግባቱ በፊትና ከወጣ በኋላ ሰሙን ፈትሹ። ጣሪያው ላይ ውሃ አፍስሱ፤ ነጠብጣቡ ተሰብስቦ ከተንከባለለ ሰሙ አለ፣ እንደ አንሶላ ተዘርግቶ ከቆመ አልቋል። በሮቹ ገና እያላቸው ጣሪያውና ኮፈኑ ቀድመው ያልቃሉ፤ መኪናውን በሙሉ ሳትቀቡ እነሱን ብቻ ቀቡ። ሰም የምትቀቡበት ጨርቅ የመኪናውን ቀለም እንደገና መያዝ ከጀመረ ዱቄቱ እየተመለሰ ነውና ኮምፓውንድ ሳትጠቀሙ በለስላሳ ስፖንጅና በማጠናቀቂያ ፖሊሽ አንድ ዙር ብቻ አድርጋችሁ በዚያው ቀን ሰም ቀቡት።